ለለምለም ቅዳሜ የሚሆን ቄጠማ፦ በቤተ ክርስቲያን ቅጽርና በጓሮ ስለ ማልማት



በቀዳም ሥዑር ጠዋት ካህናት ቄጠማ ለምእመናን ማደላቸው፣ ምእመናንም ተቀብለው በራሳቸው ላይ ማሰራቸው ከጥንት ጀምሮ የኖረ ሥርዐት ነው። ዕለቲቱ «ለምለም ቅዳሜ» የሚል ስም ያገኘችውም በዚሁ ምክንያት ነው። ሊቃውንት ምሥጢሩን ሲያስረዱ፣ ርግብ ለኖኅ ለምለም ቅጠል ይዛ በመመለስ የጥፋት ውኃ መጉደሉን እንዳበሠረች (ዘፍ. 8፥11)፣ ቄጠማውም የሞት ሥልጣን መሻሩንና የሰላምን መምጣት ያበሥራል ይላሉ። ይህን የዚህ ጽሑፍ አንባብያን ከማንም ይልቅ ስለሚያውቁት ማብራራት አያስፈልገንም። የዛሬው ጥያቄያችን ሥርዐቱን ሳይሆን ዕፁን የሚመለከት ነው፤ ይህ ቄጠማ ከየት ይመጣል? ከልጆቻችን ዘመን በኋላስ ከየት ይገኛል?

በጎንደር ከተማም ሆነ በወገራ፣ በዳባት፣ በደባርቅ፣ በጃን አሞራና በበየዳ ደጋ ቄጠማ የሚገኘው ከወንዝ ዳር፣ ከምንጭ ሥርና ከጨፌ ታጭዶ ወይም ከገበያ ተገዝቶ ነው። ሁሉም ያጭደዋል፤ የሚተክለው ግን ጥቂት ነው። ለጽድ፣ ለወይራና ለኮሶ በቅጽራችን ቦታ ሰጥተን ስንንከባከብ ኖረናል፤ በዓመቱ ታላቅ በዓል ዋዜማ በእያንዳንዱ ምእመን ራስ ላይ የሚውለውን ዕፅ ግን ለሜዳ ትተነዋል። ይህ ጽሑፍ የሚያሳስበው አንድ ነገር ነው፤ ቄጠማ በቀላሉ የሚለማ ዕፅ ስለ ሆነ እያንዳንዱ አጥቢያ ለለምለም ቅዳሜ የሚበቃውን ያህል በራሱ ቅጽር ሊተክል፣ ምእመናንም በየጓሯቸው ሊያበቅሉ ይገባል። እንዴት እንደሚቻልም ቀጥለን እናስረዳለን።

ቄጠማ ምን ዓይነት ዕፅ ነው?

ቄጠማ ሣር ቢመስልም ሣር አይደለም። በጣና ዳር ታንኳ ከሚሠራበት ከደንገል ጋር የቅርብ ዘመድ ነው። ከሣር ለመለየት የአበባውን ዘንግ በሁለት ጣት ይዞ ማሽከርከር ይበቃል። የሣር አገዳ ክብና ባለ አንጓ ሲሆን የቄጠማ ዘንግ ግን ሦስት ጠርዝ ያለው፣ አንጓ የሌለውና ውስጡ የተሞላ ነው። ቅጠሎቹም ከሥሩ በሦስት አቅጣጫ ተደርድረው ይወጣሉ። አበባው እንደ ሌሎች የዱር አበቦች ደማቅ ቀለም የለውም፤ በዘንጉ ጫፍ ላይ ቡናማ ወይም አረንጓዴ ሆኖ ይታያል። የሚዳቀለውም በአብዛኛው በነፋስ ነው። ሕዝባችን ቄጠማ በሚለው በአንድ ስም በርከት ያሉ ዘመዳሞችን ይጠራል። ቅጠለ ሰፊ፣ ቅጠለ ቀጭን፣ ጫፉ እንደ ጥላ የተዘረጋ አለ። በጎጃምና በአካባቢው ልጃገረዶች በዘመን መለወጫ ዋዜማ የሚነቅሉት እንግጫም መልኩ ለቄጠማ የቀረበ ነው።

ለአልሚው ዋናው ዕውቀት ግን ከመሬት በታች ያለው ነው። ቄጠማ አንድ ጊዜ ከተተከለ ለብዙ ዓመታት የሚኖር ዕፅ ነው። ከአፈሩ ወለል በታች አግድም የሚሄድ ወፍራም ሥር መሳይ ግንድ አለው፤ ከዚህ ግንድ ወደ ላይ ቡቃያ፣ ወደ ታች ደግሞ ጥቅጥቅ ያለ ሥር ይወጣል። ቅጠሉ ቢታጨድ፣ በውርጭ ቢቃጠል ወይም በከብት ቢጋጥ ግንዱ ርጥበት እስካላጣ ድረስ መልሶ ያቆጠቁጣል። ቄጠማን የሚገድሉት በዋናነት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ከነሥሩ መነቀልና ለረጅም ጊዜ ውኃ ማጣት። የልማቱ ዘዴ ሁሉ እነዚህን ሁለቱን ከመከላከል የሚመነጭ ነው።

መትከል ለምን አስፈለገ?

አንደኛው ምክንያት የወቅቱ ነገር ነው። ባሕረ ሐሳብ እንደሚያስተምረን ትንሣኤ ከመጋቢት 26 ቀን በታች፣ ከሚያዝያ 30 ቀን በላይ አይውልም። ከዘመነ ክረምት በኋላ ዘመነ መጸው፣ ቀጥሎም ከታኅሣሥ 26 እስከ መጋቢት 25 ያለው ዘመነ ሐጋይ አልፎ ነው ለምለም ቅዳሜ የምትመጣው። በሌላ አነጋገር ቄጠማ በብዛት የሚፈለገው ሜዳው ሁሉ በደረቀበት፣ ለከብት የሚሆን ርጥብ መኖ በጨፌና በምንጭ ዳር ብቻ በቀረበት ጊዜ ነው። በመስከረም አንድ ሸክም ቄጠማ ማጨድ ጨፌውን እምብዛም አይጎዳውም፤ በሚያዝያ ያንኑ ሸክም ማጨድ ግን ከአንድ ገበሬ ላም አፍ የመንጠቅ ያህል ነው። በጥድፊያ ከነሥሩ ከተነቀለ ደግሞ ቦታው በክረምት ጎርፍ ይጠረጋል።

ሁለተኛው ምክንያት የረግረጉ መሬት መጥበብ ነው። በጣና ዙሪያ በፎገራና በደምቢያ ቀድሞ ውኃ የሚተኛበት ሰፊ መሬት ለሩዝ፣ ለአትክልትና ለሌላ እርሻ ውሏል። እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ ደግሞ እምቦጭ የሐይቁን ዳርቻ በመውረር ነባሩን የውኃ ዳር ዕፅ አጨናንቋል። በደጋው ያለው ችግር መልኩ ይለያል። በጨፌው ውስጥ አንድ ቦይ በጎርፍ ሲቦረቦር ቦዩ እየጠለቀ ይሄዳል፤ የቦዩ ወለል ዝቅ ባለ ቁጥር በአፈሩ ውስጥ ያለው ውኃ ወደ ቦዩ እየሰረገ ይወርዳል። ስለዚህ ጨፌው ሳይታረስና ሳይነካ ውስጥ ለውስጥ ይደርቃል። በምንጭ ሥር ባሕር ዛፍ መትከልም ውኃውን ያሳንሰዋል።

ሦስተኛው ምክንያት ቄጠማ ራሱ የሚሰጠው አገልግሎት ነው። ጥቅጥቅ ያለው ሥሩ አፈርን ይይዛል፣ የጎርፍን ፍጥነት ይቀንሳል፣ ደለልን ያስቀራል። ዘመዶቹ በብዙ አገሮች የቆሸሸ ውኃን ለማጣራት በተዘጋጁ ሰው ሠራሽ ረግረጎች ውስጥ ይተከላሉ። እንግዲህ ቄጠማን በውኃ መውረጃችን ዳር የምንተክል ከሆነ በዓሉን ከማገልገላችን በላይ የቅጽሩን አፈር ከመሸርሸር እንጠብቃለን።

ቤተ ክርስቲያን ለዚህ ሥራ ከሌላው ተቋም የተሻለ ዕድል አላት። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር የአብያተ ክርስቲያናት ደኖች ላይ ባደረጉት ጥናት እንደሚታወቀው፣ በቅጽር ውስጥ ያሉ ችግኞች እንዳያድጉ ከሚያደርጓቸው ነገሮች አንዱ የከብት መግባት ነው። በዚያው አካባቢ በብዙ አጥቢያዎች ከእርሻ በተለቀመ ድንጋይ የታጠረው ካብ ደኑን ለመጠበቅ ረድቷል። ለቄጠማም ቢሆን አጥር ያለው፣ ጠባቂ ያለው፣ ውኃ ከጣሪያው የሚወርድለት ቦታ ያስፈልገዋል። እነዚህ ሦስቱ በአብዛኞቹ አጥቢያዎቻችን አሉ።

ቦታና ውኃ አመራረጥ

ቄጠማ ፀሐይ ይወዳል፤ ግማሽ ቀን ጥላ ቢያገኘውም ይችላል። ከትልልቅ ዛፎች ሥር፣ በተለይም ከባሕር ዛፍና ከጽድ አጠገብ፣ መትከል አይገባም፤ ሥራቸው ውኃውን ይሻማዋል። የሚመረጠው ቦታ በተፈጥሮው ዝቅ ያለ፣ የጣሪያ ውኃ ወይም የምንጭ ትርፍ የሚወርድበት ነው። የጠበል ውኃ የሚፈስበትን ቦታ መጠቀም የሚቻለው በአጥቢያው አባቶች ፈቃድና ለጠበሉ የሚገባው ክብር ተጠብቆ ብቻ ነው። የመጸዳጃ ቤት ፍሳሽ የሚደርስበት ቦታ ግን ፈጽሞ አይመረጥም፤ ቄጠማው በምእመናን ራስ ላይ የሚታሰር፣ ሕፃናትም በአፋቸው የሚይዙት ነውና።

ውኃው ምን ያህል እንደሚበቃ አስቀድሞ ማስላት ይጠቅማል። በ1 ካሬ ሜትር ላይ የዘነበ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ሊትር ውኃ ነው። በጎንደር ከተማ ዙሪያ በዓመት በአማካይ ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ይዘንባል፤ አብዛኛው የሚወርደውም ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። ስለዚህ 100 ካሬ ሜትር የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ቤተ ክርስቲያን ወይም አዳራሽ፣ ከሚወርድበት ዝናብ አንድ አምስተኛው ቢባክን እንኳ፣ በዓመት ወደ 80,000 ሊትር ውኃ ሊሰጥ ይችላል። ይህ ውኃ ዛሬ በአብዛኛው ቅጽሩን እየሸረሸረ የሚሄድ ነው።

በሌላ ወገን 4.5 ካሬ ሜትር የሆነ የቄጠማ መደብ በፀሐያማው የበጋ ቀን በትነትና በቅጠሉ በኩል በግምት ከ20 እስከ 25 ሊትር ውኃ ያጣል፤ ይህ አንድ ጀሪካን ያህል ነው። ለዘመነ ሐጋይ 90 ቀናት ሲሰላ ወደ 2,000 ሊትር ይሆናል። ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ያለው ስድስት ወር ቢያዝ ከ4,000 ሊትር ጥቂት ይበልጣል። በክረምት ከጣሪያ አሸንዳ የሞላ አንድ 5,000 ሊትር የሚይዝ ሮቶ ለመደቡ ይበቃዋል ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ማሳሰቢያ አለ። አንድ ጀሪካን ውኃ ለአንድ ሰው የዕለት ፍጆታ ነው። እናቶችና ልጃገረዶች በበጋ ከሩቅ የሚቀዱትን የመጠጥ ውኃ ለቄጠማ ማጠጣት አይገባም። አጥቢያው ሮቶ ከሌለው የእጅ መታጠቢያን፣ የሰንበቴ ቤት ዕቃ ማጠቢያንና የቦኖ ትርፍን ውኃ ወደ መደቡ እንዲፈስ ማድረግ ይሻላል። ጥቂት ሳሙና ያለው ውኃ ቄጠማን አይጎዳውም፤ በረኪና የገባበት ግን መወገድ አለበት። ይህም ካልተገኘ መደቡን ማሳነስ ይገባል፤ ከውኃው በላይ የሆነ መደብ በሚያዝያ ደርቆ መገኘቱ አይቀርም።

የመደብ አዘገጃጀትና አተካከል

ለአንድ መካከለኛ አጥቢያ ለመጀመሪያ ጊዜ 3 ሜትር ርዝመትና 1.5 ሜትር ስፋት ያለው መደብ ይበቃል። አሠራሩ እንደሚከተለው ነው።

1. በግንቦት ወይም በሰኔ መጀመሪያ ቦታውን ከ50 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት መቆፈር። የላይኛውን ጥቁር አፈርና የታችኛውን ለየብቻ መከመር።

2. የጉድጓዱን ወለልና ግድግዳ ውኃ እንዳያሰርግ ማድረግ። የዋልካ አፈር ባለበት አካባቢ ዋልካውን በውኃ ለውሶ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ውፍረት መለሰንና በእግር ደጋግሞ መርገጥ ይበቃል። አለዚያም ወፍራም የፕላስቲክ ሸራ ማንጠፍ ይቻላል። በተፈጥሮው ረግረግ በሆነ ቦታ ግን ይህ አያስፈልግም።

3. በአንድ ጎን ከአፈሩ የመጨረሻ ወለል 5 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ያለ የማስተንፈሻ ቦይ መተው። ትርፍ ውኃ በዚህ ይወጣል። መደቡ እንደ ኩሬ ውኃ የሚታይበት ሳይሆን እንደ ራሰ ስፖንጅ ርጥበት የያዘ መሆን አለበት።

4. የላይኛውን አፈር ከበሰለ ፍግ ወይም ከኮምፖስት ጋር ሦስት እጅ በአንድ እጅ ቀላቅሎ ጉድጓዱን መሙላትና ውኃ አጠጥቶ ለጥቂት ቀናት እንዲረጋ መተው።

5. ዝናቡ ከገባ በኋላ፣ በሰኔ መጨረሻ ወይም በሐምሌ መጀመሪያ፣ ችግኙን ማምጣት። ከአንድ ጠንካራ ቁጥቋጦ ጠርዝ ላይ በስለታም አካፋ አግድም ግንዱን ቆርጦ ማውጣት፤ እናት ዕፁን ግን በቦታው መተው። እያንዳንዱ ቁራጭ ከ2 እስከ 3 ቡቃያና በቂ ሥር ሊኖረው ይገባል። ቅጠሉን 15 ሳንቲ ሜትር ያህል አስቀርቶ መቁረጥ፣ ሥሩንም በርጥብ ጆንያ ጠቅልሎ በዚያው ቀን መትከል።

6. በ30 ሳንቲ ሜትር ርቀት፣ ግንዱ ከአፈሩ ወለል ብዙ ሳይጠልቅ መትከል። በዚህ ርቀት መደቡ 50 ቁራጮችን ይይዛል።

ጫፉ እንደ ጥላ የተዘረጋው ዓይነት ሌላም መንገድ አለው። የጥላውን ራስ ከዘንጉ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ጨምሮ ቆርጦ፣ የቅጠሎቹን ጫፍ አሳጥሮ፣ ወደ ታች ደፍቶ ውኃ ባለበት ሳሕን ላይ ቢያስቀምጡት በቅጠሎቹ መገናኛ ሥርና ቡቃያ ያወጣል። የሰንበት ትምህርት ቤት ሕፃናት በቀላሉ ሊለማመዱት የሚችሉት ነው።

ችግኙ የሚመጣበት ቦታ ልዩ ጥንቃቄ ይሻል። የጎንደር ከተማ ከፍታ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር ያላነሰ ሲሆን የደባርቅ ደግሞ ወደ 2,800 ሜትር ይደርሳል። ከጣና ዳር የመጣ ቄጠማ የደባርቅን የታኅሣሥ ውርጭ አልለመደም፤ ስለዚህ እያንዳንዱ አጥቢያ በራሱ ከፍታ ከሚገኝ ጨፌ ቢወስድ ይጠቀማል። ከዚህም ጋር፣ ከሐይቁ ዳር ችግኝ ማምጣት ከእምቦጭ ቁራጭ ወይም ዘር ጋር ሊያመጣ ይችላል። ሌላ አማራጭ ከሌለ ሥሩን በሚገባ አጥቦ፣ አፈሩን በዚያው ትቶ መምጣት ግድ ነው።

የዓመቱ ክንውን

አባቶቻችን ዓመቱን በአራት ወቅት ከፍለው አስተምረውናል። የቄጠማው ሥራም በእነርሱ ላይ ቢደረደር ለማስታወስ ይቀላል።

ዘመነ ክረምት (ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25)፦ የመትከያና የማስፋፊያ ወቅት ነው። አረም በእጅ ይነቀላል። የማስተንፈሻው ቦይ በደለል እንዳይደፈን በየሳምንቱ ይታያል። በመጀመሪያው ክረምት የተተከለ ቄጠማ ለዘመን መለወጫም ሆነ ለመስቀል አይታጨድም።

ዘመነ መጸው (ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25)፦ ዝናቡ ሲያቆም ውኃ ማጠጣት ይጀመራል። ሮቶው ሞልቶ መዘጋቱ ይረጋገጣል። በኅዳር ከመደቡ ግማሹ ይታጨዳል፤ ከዚያም አንድ አካፋ ኮምፖስት በየካሬ ሜትሩ ይበተናል።

ዘመነ ሐጋይ (ከታኅሣሥ 26 እስከ መጋቢት 25)፦ ወሳኙ ወቅት ይህ ነው። በደጋው ውርጭ የሚበረታበት በመሆኑ የቀረው ግማሽ መደብ ሳይታጨድ ይቆያል፤ የቆየው ቅጠል ቢቃጠል እንኳ ለቡቃያው ልብስ ይሆነዋል። ይህ ግማሽ የሚታጨደው ውርጩ ሲያልፍ፣ በጥር መጨረሻ ነው። ውኃ ማጠጣቱ ለአንድም ሳምንት እንዳይቋረጥ ኃላፊ ይመደባል።

ዘመነ ጸደይ (ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25)፦ የትንሣኤ አጨዳ በዚህ ወቅት ይውላል። ከበዓሉ በኋላ መደቡ ያርፋል፣ የተጨናነቀው ክፍል ይከፈላል፣ ለምእመናን የሚሰጠው ችግኝ ይዘጋጃል።

መደቡን ለሁለት ከፍሎ በተለያየ ጊዜ ማጨድ ያስፈለገው ያለ ምክንያት አይደለም። በጥንቱና በኋለኛው የትንሣኤ ቀን መካከል የ34 ቀናት ልዩነት አለ። በአንድ ጊዜ የታጨደ መደብ በአንዱ ዓመት ሲደርስ በሌላው ዓመት ያላደገ ወይም ያረጀ ሊሆን ይችላል። ሁለት ዕድሜ ያለው ቄጠማ ካለ ግን በዓሉ ቀድሞም ይምጣ ዘግይቶ፣ ከሁለቱ አንዱ በለጋነቱ ይገኛል። የታጨደው ቄጠማ መልሶ የሚያድግበት ጊዜ እንደ ውኃው፣ እንደ ብርዱና እንደ አፈሩ ስለሚለያይ አጥቢያው የአጨዳውንና የመድረሻውን ቀን በመዝገብ ቢይዝ ከሁለት ዓመት በኋላ የራሱ የሆነ ትክክለኛ መርሐ ግብር ይኖረዋል።

አጨዳና አጠቃቀም

ቄጠማ አይነቀልም፤ ይታጨዳል። በሳለ ማጭድ ከአፈሩ ከ8 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርጎ መቁረጥ ግንዱንና አዲሱን ቡቃያ ያድናል። ለቀዳም ሥዑር የሚሆነው ዓርብ ከስግደት በኋላ ወይም ቅዳሜ ማለዳ ቢታጨድ ለምለምነቱን ይጠብቃል፤ አስቀድሞ መታጨድ ካለበት ሥሩ በኩል ውኃ ውስጥ ቆሞ በጥላ ይቀመጥ።

ብዛቱን በምሳሌ እንመልከት። ከእያንዳንዱ ቁጥቋጦ ለአገልግሎት የሚበቃ 20 ቅጠል ቢገኝ፣ ከ50ው 1,000 ቅጠል ይሰበሰባል። ለአንድ ምእመን 2 ቅጠል ቢደርሰው ለ500 ሰው ይበቃል። በደብሩ ያሉት ምእመናን ከዚህ የሚበልጡ ከሆነ መደቡን በየዓመቱ ማስፋት ነው፤ ችግኙ ከራሱ ስለሚገኝ ተጨማሪ ወጪ የለውም። ነገር ግን ይህ ልኬት ለራስ ለሚታሰረው ብቻ የሚሠራ ነው። ወለል ለማልበስ የሚሆነው ቄጠማ ከዚህ እጅግ ስለሚበዛ ከትንሽ መደብ አይጠበቅም። በበጋ ለሚውሉ ድግሶችና ጉባኤዎች አዳራሹን ሁሉ በቄጠማ ከማልበስ የክብር ቦታውን ብቻ ማልበስ ለጨፌው ዕረፍት ይሰጠዋል። ይህን ልማድ ምእመናን እንዲይዙት ማስተማር የካህናት ድርሻ ነው።

በምእመናን ጓሮ

በከተማው ያሉ ምእመናን ሰፊ ቦታ ባይኖራቸውም ለቤተሰባቸው የሚበቃውን ማብቀል ይችላሉ። የተሰነጠቀ ጋን፣ ያረጀ ባልዲ ወይም ከሥሩ በሸራ የተሸፈነ የመኪና ጎማ ይበቃል። 40 ሳንቲ ሜትር ስፋት ባለው ዕቃ ሁለት ወይም ሦስት ቁራጭ ይተከላል፤ በበጋ በቀን 1 ሊትር ገደማ ውኃ ይበቃዋል። ከጎኑ፣ ከአፈሩ ወለል ጥቂት ዝቅ ብሎ፣ ትርፍ ውኃ የሚወጣበት ቀዳዳ ይበጅለት። የእጅ መታጠቢያ ውኃ የሚደፋበት ሥፍራ ለዚህ ተስማሚ ነው። በየሦስት ዓመቱ ዕቃው ሥር በሥር ስለሚሆን አውጥቶ መክፈልና ለጎረቤት ማካፈል ይገባል።

ሊደረጉ የሚገባቸው ጥንቃቄዎች

ቆሞ የሚታይ ውኃ የወባ ትንኝ መራቢያ ይሆናል። በተለይ ወደ ደምቢያ ቆላማ ክፍል ባሉ አጥቢያዎች የማስተንፈሻው ቦይ ሥራ ችላ ሊባል አይገባም።

በረግረግ ዳር የበቀለ ርጥብ ዕፅ የጉበት ትል ወደ ከብትና ወደ በግ የሚተላለፍበት መንገድ ነው። ስለዚህ ከበዓል በኋላ የተጠረገውን ርጥብ ቄጠማ ወዲያው ለከብት ከመስጠት ወደ ኮምፖስት ማስገባት ይመረጣል። ሕፃናት እንዳያኝኩትም መምከር፣ ለእደላ የሚቀርበውንም አስቀድሞ በንጹሕ ውኃ ማጠብ ይገባል።

ከቄጠማ ዘመዶች መካከል በቀጭን ሥር ላይ እንደ ዶቃ የተደረደሩ ትናንሽ ጠንካራ ኮረቶች የሚያበጁ አሉ። እነዚህ ወደ ማሳ ከገቡ በቀላሉ የማይጠፉ አረሞች ናቸው። ችግኝ ሲወሰድ ሥሩን ማየትና እንዲህ ያለውን መተው ያስፈልጋል።

በመጨረሻም መደቡ እንደ ልብ ከተስፋፋ ወደ ምንጩ ዐይን እንዳይገባ በየዓመቱ ጠርዙን በአካፋ መቁረጥ ይገባል።

የሥራ ክፍፍል

ይህ ሥራ ብዙ ገንዘብ የሚፈልግ አይደለም፤ የሚፈልገው የማያቋርጥ ኃላፊነትን ነው። የብዙ የልማት ሥራዎች ጅምር የሚከሽፈው በተከላው ቀን ሳይሆን በየካቲት፣ ውኃ ማጠጣት በሚያታክትበት ወር ነው። ስለዚህ የሚከተለውን ክፍፍል እንጠቁማለን።

ሰበካ ጉባኤው ቦታውን ይወስናል፣ አሸንዳውንና ሮቶውን ያዘጋጃል፣ ሥራውን በዓመታዊ ዕቅዱ ያስገባል። ቄሰ ገበዙ ከልማት ክፍሉ ጋር ሆኖ መደቡን ይቆጣጠራል። የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ቁፋሮውንና ተከላውን ይሠራሉ። ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ያለው የውኃ ተራ በጽዋ ማኅበራት መካከል በየወሩ ይከፋፈላል፤ ስማቸውም በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል። ምንጭ ወይም ጨፌ በአጥቢያው ይዞታ ውስጥ ካለ ደግሞ ከዳር ያለውን ቦይ በድንጋይ መገደብና በግራና ቀኙ ቄጠማ መትከል ከሁሉ የሚቀድም ሥራ ይሁን፤ ያለውን ረግረግ ማዳን አዲስ መደብ ከመቆፈር ይበልጣልና።

የመጪው ክረምት ከመግባቱ በፊት እያንዳንዱ ሰበካ ጉባኤ በአንድ ስብሰባው ላይ ሦስት ጥያቄዎችን እንዲመልስ እናሳስባለን። ባለፈው ለምለም ቅዳሜ ያደልነው ቄጠማ ከየትኛው ጨፌ መጣ? ያ ጨፌ ዛሬ በምን ሁኔታ ላይ ይገኛል? በቅጽራችን ያለ ጥቅም የሚፈሰው ውኃ የቱ ነው? የሦስተኛው ጥያቄ መልስ መደቡ የሚቆፈርበትን ቦታ ያመለክታል።